ፍራሽ ልጽፍ ወጥቼ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርሴን በልቼ፣ ለማንም ክፉ ሳላስብ፣ የወይዘሮ አስካለን ቤት ላስሸጥ ምንም አልቀረኝም ነበር። መዶሻ አልያዝኩም፤ ዶማም አልያዝኩም። የያዝኩት አንዲት ብሩሽና ግማሽ ጣሳ ቀለም ነው። ከአንድ ፊደል ላይ አንዲት ጭረት ረሳሁ። በቃ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው። ጭረቷ ከአንድ ጣት አትበልጥም። ሴትዮዋ ግን በዚያች ጭረት ሰበብ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ሰፍታ የሠራችውን ቤት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ለደላላ ልታስረክብ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ነበር።

“ሲጀመር ለዚህ ሽማግሌ ብሩሽ ማን ሰጠው?” የምትሉ አትጠፉም። ልጄም ያለችው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከብሩሹ በፊት ከነበረው ልጀምር።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰበታ፣ አንድ ክር ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ፣ ጥጥ ስቀበልና ጥጥ ሳስረክብ ነው። ጡረታ ስወጣ ቡራዩ ልጄ ትዕግስት ዘንድ ገባሁ። ትዕግስት ሥራዋ አዲስ አበባ ነው፤ ማለዳ ለታክሲ ተሰልፋ ትሄዳለች፣ አመሻሽ ላይ ለታክሲ ተሰልፋ ትመለሳለች። ስትወጣ “አባዬ፣ አርፈህ ተቀመጥ” ትለኛለች። ስትመለስ “አባዬ፣ ምነው ዝም ብለህ ተቀምጠህ ዋልክ?” ትለኛለች። ጡረታን ከባድ ሥራ የሚያደርገው ይህ ነው፤ አለቃው ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም።

እናም አመፅኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ የራሴን ሥራ ከፈትኩ፤ የጥጥ ፍራሽ እድሳት። የጓጎለውን፣ መሃሉ ጉድጓድ የሠራውን፣ ባልና ሚስትን ሳይፈልጉ ወደ አንድ ቦታ የሚያንከባልለውን ፍራሽ እፈታለሁ። ጥጡን ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ በዱላ እደበድባለሁ፣ በደጋን እነድፋለሁ፣ መልሼ እሰፋለሁ። ደጋን ያልኳችሁ ጅማት የተወጠረበት ረጅም እንጨት ነው፤ ሲመቱት ዝንንን ይልና ጥጡን እንደ ጉም ያስነሳዋል። መጋዘን ውስጥ ጥጥ ቆጥሬ ብቻ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ፤ መንደፍ የተማርኩት እዚያው፣ በምሳ ሰዓት፣ ከአንድ ሽማግሌ ነው። ያኔ ሽማግሌ የምለው ሰውዬ አሁን ሳስበው ከአሁኑ እኔ በዕድሜ ያንስ ነበር።

ጥጡን በጆንያ በጆንያ አስመጥቼ የልጄ ሳሎን ውስጥ ደረደርኩ። እንግዳ ሲመጣ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። ከመቀመጫው ሲነሳ ሱሪው በግ ይመስላል። ትዕግስት ታግሳ ታግሳ አንድ ቀን ስሟን ረሳችው።

“አባዬ፣ እስከ ፋሲካ አንድ ደንበኛ ካልመጣ፣ ልዋጭ ጠርቼ ይሄን ሁሉ ጥጥ ነው የምሰጠው። የፕላስቲክ ሳፋ እቀበልበታለሁ።”

ሳፋ! የዕድሜ ልክ ሙያዬ በሳፋ! ያን ዕለት “ማስታወቂያ ያስፈልገኛል” አልኩ። እጅግ ርካሽ የሆነ ማስታወቂያ። የሚቻል ከሆነም ነፃ።

መጀመሪያ የሄድኩት ታፔላ ሠሪ ዘንድ ነው። “አባባ፣ መብራት ያለው ይሁንልዎ ወይስ ባነር?” አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ውኃ ሰጡኝ። ውኃው ነፃ ነበር፤ ከዚያ ቤት ያተረፍኩት እሱን ነው።

ቀጥሎ በእጄ ጽፌ በየአጥሩ በራሪ ወረቀት ሰካሁ። ወረቀቱ በራሪ የሚባለው ለካ በእውነት ስለሚበር ነው። ያልበረረውን የወይዘሮ አስካለ በጎች በሉት። ወይዘሮ አስካለ ከእኛ ቤት ጀርባ ባለው መንገድ የምትኖር፣ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ምላሷ እንደ መቀሷ የማይዶለዱም ሴት ናት። በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“በጎቼን ወረቀት የሚያበሉብኝ አንቱ ነዎት?”

“ማስታወቂያ ነው፣ ወይዘሮ አስካለ። የጥጥ ፍራሽ አድሳለሁ።”

“የጥጥ ፍራሽ! በዚህ ዘመን ማን ነው የጥጥ ፍራሽ ላይ የሚተኛው? ቁንጫ ሊያራቡብን ነው?”

ቁንጫ! አንጀቴ ድረስ ገባ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ከዚያ ወረቀቴን ሱሉልታ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ ለጠፍኩ። በማግስቱ ተደወለ! ደጋኔን ተሸክሜ፣ እንጦጦን ዞሬ፣ ሱሉልታ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ረዳቱ አላስቀመጠኝም፤ “ፋዘር፣ ክራሩ ወንበር ይዟል፣ ሂሳቡን ይክፈል” እያለ። የደወለልኝ እዚያ ተከራይቶ የሚኖር፣ ሩጫ የሚለማመድ ቀጭን ወጣት ነው። “አባባ፣ መሃሉ ሰርጉዶ ወገቤን ጨረሰው፣ ያድሱልኝ” አለኝ። ፍራሹን ሳየው ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ አይነደፍም። ምን ላድርግ? ገለበጥኩለት። ተኛበትና “ኧረ አባባ፣ እጅዎ ይባረክ! እንዴት አድርገው ነው?” አለኝ። የሙያ ምስጢር ነው ብዬው ተመለስኩ።

ልጄም በበኩሏ ስነድፍ በስልኳ ቀርጻኝ ቲክቶክ ላይ አወጣችኝ። ሰው ወደደው። “እኚህ ሰውዬ የሚጫወቱት መሣሪያ ምን ይባላል? ለሠርግ ይመጣሉ?” የሚሉ ብዙዎች ጻፉ። ፍራሽ ያለው ግን አንድም ሰው አልጻፈም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው በር ሠሪው ሀብቴ ከብየዳ የተረፈውን ቀለም ያሳየኝ። ብረት እንዳይዝግ የሚቀባው፣ አንቲረስት የሚሉት ቀይ ቀለም። “ጋሼ፣ ሊደርቅብኝ ነው፤ ይውሰዱት” አለኝ። ነፃ! አእምሮዬ እንደ ወጣት ሮጠ። ካርቶን ላይ ፊደል ቆርጬ አወጣለሁ፤ ካርቶኑን የቆርቆሮ አጥር ላይ ደግፌ በብሩሽ እለቀልቃለሁ፤ በየአጥሩ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ! አይበርር፣ በግ አይበላው።

አሁን እኛ ሰፈር የማትኖሩ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ቀይ ቀለም ማለት ቀልድ አይደለም። አዳዲስ ቤት በበዛበት በእኛ አካባቢ፣ ጠዋት ስትነሳ አጥርህ ላይ በቀይ ተጽፎ ካገኘህ፣ “ይህ ቤት ሊፈርስ ነውና ዕቃህን መሸከፍ ጀምር” ማለት ነው። ይህን ትልቅም ትንሽም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ብቻ ነው ያላወቅኩት።

ቀለም ለመቆጠብ ብዬ “የጥጥ ፍራሽ ይታደሳል” የሚለውን አሳጠርኩ። “የጥጥ” ይቅር፤ ሰው ሲደውል እነግረዋለሁ። “ይታደሳል”ም ረጅም ነው። “ፍራሽ” የሚል ቃል ከነስልክ ቁጥሩ ያየ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ካርቶኑን ስቆርጥ መነጽሬ አልነበረም፤ ከጆንያዎቹ አንዱ ውጦታል። በጣቴ እየዳሰስኩ ቆረጥኩ። “ፍ”ን ከ“ፈ” የምትለያት ያቺ ጭረት ሳትቆረጥ ቀረች።

እንግዲህ ራሳችሁ አንብቡት። ፈራሽ። በቀይ። ከነስልክ ቁጥሩ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሳ፣ መንገዱን ተያያዝኩት። ፈቃድ የጠየቅኩት ወዳጄን ኦቦ ገመቹን ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ሰፊ ግቢ የእሱ ነው። ከዋዜማው “ጻፍ እንጂ፣ አጥሬ ምን ሥራ አለው!” ብሎኝ እሱ በሌሊት ወደ ጫንጮ ለቅሶ ሄዷል። ሌሎቹን ያልጠየቅኳቸው እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው። የወይዘሮ አስካለን አጥር ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በተንኮል ነው የመረጥኩት። “ቁንጫ” ላለችው፣ ከሁሉም አጥር ደመቅ አድርጌ ጻፍኩላት። ጽፌም ራቅ ብዬ አየሁት። ያለ መነጽር በጣም ያምር ነበር።

ቤት ገብቼ እጄን ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ።

“ሄሎ፣ ቁጥሩን አጥራችን ላይ አይተነው ነው…” የሴት ድምፅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል።

“እንኳን አያችሁት! እኔው ነኝ።”

“መቼ ነው የምትመጡት?”

“ካስፈለገ ዛሬውኑ እደርሳለሁ!”

“ዛሬ? ኧረ በእመቤቴ! ልጆች አሉ እኮ!”

“የልጆቹንም አብሬ እሠራዋለሁ፤ ለእነሱ ቅናሽ አለው።”

ቀጥላም “ዕቃችንን እንኳን እናውጣ” አለች።

“ምንም ማውጣት አያስፈልግም፤ ለእኔ ተይው። ግቢው ውስጥ ፈታትቼ፣ በዱላ ደብድቤ፣ አቧራውን አራግፌ፣ ማታ በላዩ ትተኙበታላችሁ።”

“በላዩ?! ምነው፣ እናት የለህም?” ብላ ዘጋችው። ምን እንዳስቀየምኳት አልገባኝም።

ሌላ ሰው ደወለ። ይሄኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ጌታዬ፣ ነገሩን በሽማግሌ መያዝ አይቻልም?” አለኝ።

“ሽማግሌው እኔው ነኝ” አልኩት።

“እሺ፤ እንግዲያው ሻይ ቡና እንበል፣ እኛም ሰው ነን…”

“ሻይ ብቻ ይበቃኛል፤ ቡና ያንቀጠቅጠኛል።”

“ገብቶኛል ጌታዬ፣ ገብቶኛል” ብሎ አመሰገነኝ። ከደንበኛ እንዲህ ያለ አክብሮት አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ደወለ። ይሄኛው እንደ ሌሎቹ አልተንቀጠቀጠም። “ይቅርታ፣ አጥር ላይ ያለው ነገር ምንድነው?” ብሎ በቀጥታ ጠየቀኝ።

“ፍራሽ ነው። አድሳለሁ።”

“ፍራሽ ማለት… የሚተኛበት?”

“ታዲያ የሚበላ ፍራሽ አለ? የጥጥ ብቻ፤ ስፖንጅ አልሠራም።”

ሳቀ። ሳቁ ለመነሳት ታግሎ እንደሚጠፋ ጀነሬተር ነው፤ እህ እህ እህ ብሎ ቁጭ ይላል። “አባባ፣ ትልቅ ሰው ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ዘጋው። ደግ ሰው ነው ብዬ መረቅኩት።

ስልኬ እየጮኸ ረፋዱ አለፈ። ለትዕግስት ደውዬ “ሳፋሽን በገንዘብሽ ግዢ! ሰው በላዬ ላይ ተረባርቧል!” አልኳት። ከዚያም ደጋኔን፣ ዱላዬን፣ ለሚቀጥለው መንገድ ይሆነኛል ያልኩትን ካርቶን፣ ብሩሽና ጣሳ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ ሚኒስትር ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። ግማሹ ዕቃ ያወጣል፣ ግማሹ ያለቅሳል፣ አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ሚስማር እየነቀለ ነው። አንዲት ሴት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ “ይህን የጻፈ እጁ ይድረቅ!” አለች።

“አሜን!” አልኩ ጮክ ብዬ። ሰው ሲራገም ዝም ማለት ነውር ነው።

“ሲተኛ አይቅናው!”

“አሜን!”

ቀና ስል የራሴ ስልክ ቁጥር አጥር ላይ ቆሞ ያየኛል። ካርቶኑ ላይ በጣቴ ብቻ የዳሰስኩትን ፊደል አሁን በፀሐይ፣ ቁመቱን በክንዴ ልክ አየሁት። “ፈ”። አሜኖቼን ልመልሳቸው ብሞክር ወጥተዋል።

እግሬ ወደ ቤት ዞረ። ልዋሻችሁ አልችልም፤ ሁለቱም ዞሩ። ማን አወቀኝ? ቀይ ጣቴን ኪሴ ከትቼ መሄድ እችል ነበር። ግን የወይዘሮ አስካለ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የስፌት መኪናዋ ግቢው መሃል ወጥቶ አንሶላ ለብሷል። መጋረጃዎቿ ወርደዋል። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ላይ ያ ሁሉ ምላስ የለም። እስክሪብቶ ይዛለች። አጠገቧ አንድ ባለ ጃኬት ሰው ቆሞ ወረቀት ዘርግቶላታል፤ ገዢ የተባለው ደግሞ ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

“እትዬ አስካለ፣ እኔ አዝኜልዎት ነው” ይላል ባለ ጃኬቱ። “ነገ ማሽን ሲመጣ ቆርቆሮውም አይተርፍም። ዛሬ ግን እኚህ ሰው ከነቦታው በቆርቆሮና በእንጨት ዋጋ እገዛለሁ ብለዋል። ነገ በነፃ ልስጥ ቢሉ የሚወስድ የለም፤ እህ እህ እህ!”

ጀነሬተሩ! የጠዋቱ ደግ ሰው!

ደሜ ፈላ። እንደኔ ያለ ሰው ስህተት ይሠራል፤ መብቴ ነው፣ ለዕድሜዬ የተፈቀደ ነው። የእኔን ስህተት ከእኔ ወስዶ የሚነግድበትን ግን አልምርም።

“ወይዘሮ አስካለ፣ እንዳትፈርሚ! ጸሐፊው እኔ ነኝ!”

ቀና ብላ አየችኝ። “የምኑ ጸሐፊ?”

“የአጥሩ!”

“አንቱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መንግሥት የሆኑት?”

“መንግሥት አይደለሁም፤ ፍራሽ አዳሽ ነኝ!”

“ፈራሽ አዳሽ?” አለ ጣራ ላይ ያለው ሰው። “የሚፈርሰውን ነው የሚያድሱት?”

“አባባ፣ ፀሐይ ነው” አለ ደላላው በሐዘን መልክ። “ጥላ ሥር አስቀምጧቸው።”

“ፀሐይ አልመታኝም! አጥሩ ላይ ያለው ስልክ የእኔ ነው። ደውሉ! አሁኑኑ ደውሉ!”

ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን አወጣ። ደወሉ። እኔም ኪሴን አንኳኳሁ። ጸጥ። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ የመንግሥት ሥራ ሲሠራ ውሎ ባትሪው ሞቷል። ሰው አንገቱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ “ይምጡ አባቴ፣ ውኃ ልስጥዎት” አለችኝ። ባለፈው ታፔላ ቤት ሰጡኝ፣ አሁንም ውኃ! ለአንድ ሽማግሌ ከውኃ ሌላ የሚሰጠው የለም?

እጄን አስለቀቅኩ። ከረጢቴን ፈትቼ ጣሳውን አወጣሁ፤ ብሩሹን ነከርኩ። ወደ አጥሩ ሄድኩ። “ኧረ ያዙት! ደግሞ ሊጨምርብን ነው!” የሚል ጩኸት ከኋላዬ ተነሳ። እኔ ግን ያቺን ጭረት፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልነበረችውን፣ አንዴ ሸርተት አድርጌ በቦታዋ አስቀመጥኳት።

“አንብቢው” አልኳት ወይዘሮ አስካለን።

ተነስታ መጣች። ጣቷን ዘርግታ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። “ፍ… ራ… ሽ።” እንደገና “ፍራሽ” አለች። ከዚያ ቀይ ጣቶቼን አየች፤ ከረጢቴን አየች፤ ደጋኔን አየች።

“ቀለም መጨመርማ ማንም ይችላል!” አለ ደላላው። “እትዬ፣ ሰውየው ይጠብቃሉ።”

እዚህ ላይ ተንኮሌ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ሰዓት ደረሰ። ወደ እሱ ዞሬ በትሕትና “ልጄ፣ ጠዋት ስትደውልልኝ ‘ስፖንጅም ጥጥም እሠራለሁ’ ብዬህ አልነበረም?” አልኩት።

“አላሉም! ‘የጥጥ ብቻ፣ ስፖንጅ አልሠራም’ ነው ያሉት!”

አለ። ካለ በኋላ ሰማው። አፉን ዘጋ፤ ግን ልክ እንደ እኔ አሜኖች ወጥቷል።

ወይዘሮ አስካለ እስክሪብቶውን በጃኬቱ ኪስ ውስጥ መልሳ ከተተችለት። ምላሷም ተመለሰላት። “ፍራሽ መሆኑን እያወቅህ ነው? እያወቅህ ነው ቆርቆሮዬን የምትመዝነው?” ከዚያ ወዲያ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ውጭ ያለው መኪና ሞተሩ እንዳልጠፋ ነበርና ገዢው ጊዜ አላባከነም። ደላላው ግን በእግሩ ነው የሄደው፤ የወይዘሮ አስካለ በጎች እንኳን አሳደዱት።

እፎይ ልል ስል ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ።

“አንቱ ሰውዬ፣ ልባችንን አቆሙት!”

“ጣራዬን ነቅያለሁ እኮ!” አለ ከላይ ያለው።

“ሁሉም ይፋቅ! አሁኑኑ በናፍጣ ይፋቅልን!”

እዚህ ላይ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ብዬ መፋቅ ነበረብኝ፤ የሚጠበቅብኝ እሱ ነው። ይቅርታውን አልኩ፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግሜ። መፋቁን ግን እንቢ አልኩ። ዱላዬን መሬት ላይ ተክዬ “ፊደል አርማለሁ፣ ሥራዬን አልፍቅም!” አልኩ። “በወረቀት ስጽፍ በግ በላኝ። ታፔላ ሠሪ አስታመመኝ። ሱሉልታ ድረስ ሄጄ ስፖንጅ ገልብጬ መጣሁ። እናንተ እኮ እስከ ዛሬ ፍራሽ እንደማድስ አታውቁም ነበር! ዛሬ ከዚህ መካከል የማያውቅ አለ?”

የሚያውቅ እንጂ የማያውቅ አልነበረም። አንዱ በእጁ አፉን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከጣራው ላይ ሳቅ ወረደ።

“ደግሞ” አልኩ፣ ዱላዬን ወደ ግቢው ቀስሬ፣ “ወይዘሮ አስካለ፣ ከስፌት መኪናሽ ጎን ከተቆለለው ዕቃ ሥር ያለው ምንድነው?”

መኪናው አጠገብ፣ ከተሸከፈው ዕቃ ሥር፣ አንድ የጓጎለ፣ መሃሉ የጎደጎደ የጥጥ ፍራሽ ተጋድሟል።

ወይዘሮ አስካለ ቀላች። “የእናቴ ነው” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። “እሱ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም።”

“ቁንጫውስ?”

“ዝም ይበሉ!”

ዝም አልኩ። ዝም ማለት የምችለው ሳሸንፍ ብቻ ነው። እሷው ዳኝነት ሰጠች፦ “አይፋቅ። ግን ‘ይታደሳል’ የሚለው ይጨመርበት። በቀይ እንዳይሆን! ለግቢው በር ከገዛሁት ሰማያዊ ቀለም ተርፎኛል። ደግሞ መጀመሪያ የኔን ፍራሽ!”

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በየአጥሩ ዞርኩ። በቀይ ጭረት፣ በሰማያዊ “ይታደሳል”። ሁሉም ሰው ከኋላዬ ቆሞ ፊደሌን ያርምልኛል። አንዲት አጥር ብቻ ቀረች፤ የኦቦ ገመቹ። ብሩሼን አንስቼ ልነካው ስል ከኋላዬ “ዲሲ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተወው ማለቱ ነው። ኦቦ ገመቹ ከጫንጮ ተመልሶ ጋቢውን እንደተከናነበ ቆሟል።

“አከም ጅርታ፣ ደህና ነህ ገሜ? ይቅርታ አድርግልኝ፣ አጥርህን ፈራሽ አድርጌዋለሁ። አሁን አስተካክለዋለሁ።”

“ሰምቻለሁ። አገሩ ሁሉ ደውሎልኛል” አለና እየሳቀ አጥሩን ዳሰሰው። “እኔ ያኔ በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል ጻፈው ብዬህ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። በእኛ ‘ፊራሺ’ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ራሱን ችሎ ይጻፋል። የእናንተ ፊደል አንዲት ጭረት ብትወድቅበት ቤት ይዞ ይወድቃል።”

“በል ዞር በል፣ ጭረቷን ልመልሳት።”

“ዲሲ አልኩህ እኮ! አንተ፣ ታውቃለህ? የወንድሜ ልጆች ‘ቦታውን ሽጠን እንካፈል’ እያሉ ስንት ጊዜ እንቅልፍ ነሱኝ። ደላላ ከዚህ አጥር ሥር ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ ለቅሶ ቤት ድረስ ደውለው ‘አጎታችን፣ እኛ ይቅርብን፤ ቦታው የአንተው ይሁን’ አሉኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፍቅር አሳይተውኝ አያውቁም። ይህን ጽሑፍ ነው የምታጠፋብኝ?”

“ገሜ፣ ስህተቴን አጥር ላይ ትቼ አልሄድም። የሙያ ክብር አለኝ።”

“እንግዲያው ጭረቷ አንተ ዘንድ ትቆይልኝ። የፈለግኳት ቀን ትመጣና ታስገባልኛለህ። እስከዚያ ዕዳ አለብህ።”

“እስከ መቼ?”

“ልጆቹ ልብ እስኪገዙ።”

“እሱማ ከሁለታችንም ዕድሜ ይረዝማል!”

“ታዲያ መሞት አትችልም ማለት ነዋ” አለኝና በሩን ዘግቶ ገባ።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ “ጋሽ ፈራሽ” ነው የሚለኝ። ይበሉኝ! ታፔላ ሠሪው በመብራቱ የማያወጣልኝን ስም በነፃ አውጥተውልኛል። የሳሎኑ ጆንያ እየተራገፈ ነው፤ መነጽሬም ከመጨረሻው ጆንያ ሥር ተገኝቷል። የወይዘሮ አስካለ ፍራሽ ተነድፎ፣ ተሰፍቶ፣ በራሷ መርፌ ጠርዙ ተጠልፎ ቤቷ ገብቷል። ኦቦ ገመቹ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ “ጭረቴስ?” ይለኛል። “ጣሳው ውስጥ ናት” እለዋለሁ። “እንዳትደርቅ!” ይለኛል።

ቅዳሜ ዕለት ትዕግስት ቤቱን ስታጸዳ ከአልጋዬ ሥር ያቺን ጣሳ ጎትታ አወጣች። ክዳኑ በላስቲክ ተጠፍሯል፤ ውስጡ ከአንዲት ጭረት የሚበልጥ ቀለም የለውም።

“አባዬ፣ ይሄን እንኳን ልጣለው?”

“አትንኪው” አልኳት። “የሰው ዕዳ አለበት።”